የማይታወቀው ማነው?

ሰኞ

የሠራሁትን አፕ መለሱብኝ! ለሦስተኛ ጊዜ። ትልቁ የአፕ መደብር የጻፈልኝ፦ «ሰዓቱ በስድስት ሰዓት ይሳሳታል። አስራ ሦስተኛ ወር የለም። አስተካክለሽ ላኪ።» በስመ አብ! ጳጉሜን የት ልጣላት?

አባዬ እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ከእኔ ቤት በመኪና አርባ ደቂቃ ርቀው፣ አሌክሳንድሪያ ብቻቸውን ናቸው። የግፊት ኪኒናቸውን ጠዋት ጠዋት ይረሳሉ። የስልኩን አላርም ሞላሁላቸው። 8:00 ብሎ ሲጮህ «ውሸታም፣ ገና ሁለት ሰዓት ነው» ብለው ያጠፉታል። ባለፈው ደረጃ ላይ አዙሯቸው ነበር። ለዚህ ነው ኮሌጅ ፓርክ ከተማ ኮርስ ወስጄ በተማርኳት ኮዲንግ በእኛ ሰዓት፣ በራሴ ድምፅ የሚጠራቸው አፕ የሠራሁት።

ማክሰኞ

እንደገና ይዩልኝ ብዬ አፒል አደረግኩ። ማሽን መለሰልኝ፣ ያንኑ ቃል። ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ላይ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። በሩ አንድ፣ በረኛው አንድ፤ እሱ እምቢ ካለ አለቀ። አንዱ ገበያውን ብቻውን እንዳይዝ የሚከለክለውን የውድድር ሕግ ሲያነሱ የሀብታሞች ጠብ ይመስለኝ ነበር። ለካ የእኔም ነው።

ረቡዕ

ጓደኛዬ ሰናይት ኮል አደረገችኝ። «አንቺ፣ ዜና አትሰሚም እንዴ? እንደ አባትሽ ባለው ስልክ ላይ ሌሎች የአፕ መደብሮችም ይግቡ ብሎ ፍርድ ቤት ወስኗል እኮ!» አንድ ትንሽ መደብር አግኝቼ ላክሁ።

ሐሙስ

ከትንሹ መደብር ሰው ጻፈልኝ። ሰው! «አስራ ሦስተኛው ወር ስንት ቀን አለው?» ይላል። አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፣ አልኩት። ተቀበሉት! ኪችን ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ።

ዓርብ

ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም። አባዬ የላክሁላቸውን የአፑን ሊንክ ሲነኩት ስልኩ «ከማይታወቅ ምንጭ ነው፣ ሊጎዳዎት ይችላል» አላቸው። ደንግጠው ዘጉት። የትልቁ መደብር ሰዎች በሩን ክፈቱ ቢባሉ ደጁ ላይ ውሻ አሰሩበት። ኪኒኑም ተረሳ። «ትንሽ አዞረኝ እንጂ ደህና ነኝ» ይሉኛል። ደህና ነኝ!

ቅዳሜ

በጠዋት ከቤቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ቤልትዌዩን፣ ቀለበት መንገዱን ይዤ ወደ አባዬ በመኪና በረርኩ። አባዬ መነጽራቸውን አድርገው ማስጠንቀቂያውን ሦስቴ አነበቡት።

«የማይታወቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«አንቺ? እኔ ያሳደግኋት ልጅ?» በስልኩ ተናደዱ። በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ፈቀዱለት።

ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ድምፄ ወጣ፦ «አባዬ፣ የመድኃኒትዎ ሰዓት ደርሷል።» እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እሳቸው ስልኩን «እሺ ልጄ» ብለው ኪኒናቸውን ዋጡ። አንጀቴን በሉት። ነገ ግን ብቻቸውን ናቸው።

እሁድ

ሁለት ሰዓት ሆነ። ስልኬን አፍጥጬ አየዋለሁ። ሁለት ከአምስት። ሁለት ከአስር።

ጠራ።

«ዋጥኩ» አሉና ዘጉት።