መርፌ የፈራው ጆንያ ወጊ

ይድረስ ባህር ዳር ለምትማሪው ለልጅ ልጄ ለአፊፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? የሐይቁ ነፋስ አላከሳሽም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አሁን አረፍ ብለሽ ተቀመጪ፤ ለመላው ቤተሰብ የሚነገር ከባድ ዜና አለኝ። ቀይዋ ዶሮ ኮፊያዬ ውስጥ እንቁላል ጥላለች። ዶሮዋም እንቁላሉም በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ።

ሁለተኛው ዜና ከዚህ አነስ ይላል፤ የዓይኔ ሞራ ተገፈፈ! ስልክ መደወል አቅቶኝ አይደለም፤ በአፌ ብነግርሽ እንደ ልማዴ የምቀልድ ይመስልሻል። ይኸው መስመር ሳልስት በገዛ እጄ ጻፍኩልሽ።

መቼም ጉዴን ታውቂያለሽ። አርባ ዓመት ሙሉ የአጋሮን ቡና ጆንያ በብረት እየወጋሁ ናሙና ያወጣሁ ሰውዬ፣ ሐኪም መርፌ ሲያነሳ እግሬ አውጪኝ እላለሁ። ሦስት የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ጥዬ ጠፍቻለሁ። ሐኪሙም አባባ፣ ከዚህ በላይ ከዘገዩ ዓይንዎ ላይመለስ ይችላል ብሎኝ ነበር።

ያኔ ነው አንቺ በሥነ ልቦና ትምህርትሽ ስለ ፍርሃት የተሰጠሽን የቤት ሥራ በእኔ ላይ የጀመርሽው። ፍርሃት ሲሸሹት ያብጣል፣ በጥቂት በጥቂቱ ሲለምዱት ይሟሽሻል አልሽኝ። በመጀመሪያው ሳምንት መርፌ የሌለው ስሪንጅ በኪሴ ይዤ ዞርኩ። በሁለተኛው ጤና ጣቢያ ደጃፍ ተቀምጬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሌላ ሰው ሲወጋ ለማየት ገባሁ። ለድፍረት እንዲሆነኝ ጎረቤቴን ቲጃኒን፣ ቀኑን ሙሉ መርፌ በአፉ ነክሶ የሚውለውን ልብስ ሰፊ፣ አስከተልኩ። ነርሷ የአንዷን ክንድ ገና በጥጥ ስታሽ ቲጃኒ እንደ ጆንያ ዱብ! ማሎ፣ ምነው ቲጃኒ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ እያልኩ ውሃ ረጨሁበት።

በአራተኛው ሳምንት ተራው የእኔ ሆነ። ልቤ እንደ ቡና መፈልፈያ ይንጓጓ ነበር። አንቺ ግን ልብዎ እስኪረጋ ቦታዎን አይልቀቁ ብለሽኛል፤ አልለቀቅኩም። ማደንዘዣውን ወጉኝ፣ አልሸሸሁም! ሞራውንም ያኑ ቀን ገፈፉልኝ።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት አያትሽን ባህሪያን ነው። ይህን ያህል ስታረጂ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እኔ አንተን እያየሁ ስንት ዓመት ችያለሁ፣ አሁን ተራህ ነው አለችኝ። ከዚያ በሻሿ ጫፍ ጉንጬን ጠረገችልኝ።

ባህሪያ ግንባርሽን ትስማለች። አጎትሽ ፋሂም ሰላም ብሎሻል። ልጁ ትንሿ ረይሃና ደግሞ አፊፋ ስትመጣ የሒሳብ ፈተና ፍርሃቴን ታክምልኝ ብላለች።

ቲጃኒም ሰላም ይልሻል፤ ግን በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አንብቦ፣ ካላረምክ አልለቅህም ብሏል። እሺ፣ የወደቀው እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። አዝሎ ባጃጅ ውስጥ ያስገባኝ እሱ ነው። ይህንንም ለመምህርሽ ጻፊው። ብቻ በሳምንቱ ማንም ሳይጎትተኝ፣ በገዛ እግሬ ተመልሼ መሄዴን እንዳትረሺ።

አያትሽ ሙሀጅር
ጅማ፣ ሄርማታ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.