ለባለቤቴ የተሮጠው ሩጫ

እሑድ፣ ጥር 13 ቀን 1976፤ አዋሳ

ልቤ እስካሁን አልረጋም። ዛሬ ባለቤቴ የሞተበት ዓመት ሞልቶ ሐይቁ ዳር ባለው ጉዱማሌ ሜዳ የመታሰቢያ ሩጫ ተደረገለት፤ እኔም ሄድኩ። ዕድሜውን ሙሉ የዚህን ከተማ ጥርስ ሲነቅል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በሐይቁ ዳር ሲሮጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ አላየሁትም። ሽበታም ሐኪም በቁምጣ ሲሮጥ ሰው ይስቅበታል ብዬ አፍር ነበር። «ነይና እዪኝ» ሲለኝ «ሥራ አለብኝ» እለው ነበር።

ዛሬም ከሰው ኋላ ልደበቅ ስል አናጺው አቶ ላንቃሞ አዩኝ።

«እትዬ አስካለ! ዶክተር እኔን እንዴት እንደያዙኝ ነግረውዎታል?»

«ኧረ አልነገረኝም።»

«ጉጠቱን ሳይ ከወንበሩ ዘልዬ ሸሸሁ። ገበያው ጋ ደርሼ ዞር ብል፣ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ከኋላዬ ናቸው! ትንፋሽ እንኳ አላጠራቸውም። ‹በል አፍህን ክፈት› አሉኝ። እኔማ ሳለከልክ አፌ ድሮ ተከፍቷል!»

በዙሪያችን የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እንዲህ በፍቅር የሚሳቅ ሳቅ መኖሩን እኔ መቼ አውቄ! እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ከዚያ ፊሽካ ተነፋ። ሯጮቹ በፊቴ ሲያልፉ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ ለማላውቀው ሰው ሁሉ «በርታ! አይዞህ፣ በርታ!» እያልኩ ጮህኩ። አቶ ላንቃሞ እንኳ ደንግጠው አዩኝ።

አሁን ድምፄ ተዘግቷል። ለእሱ ግን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልጮህኩለትም።