በመጀመሪያው በር አልፎ በሁለተኛው በር ስለወደቀው ቅቤ

ለተከበሩ የኤርፖርቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት (የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ከሠራተኞችዎ መካከል ስላላገኘሁ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እያልኩ፣ እኔና ከዳሞታ ተራራ ሥር የምንኖር ጎረቤቶቼ ፈጣሪ ይመስገን ደህና መሆናችንን እገልጻለሁ። በእኛ በወላይታዎች ቋንቋ ሰው ከሰው ሲገናኝ «ሳሮ» ይባባላል፣ ሰላም እንደ ማለት ነው፤ እኔም ለእርስዎ ሳሮ ብያለሁ። ጤናዎን የምመኘው ለወጉ ያህል አይደለም። ታሞ ሐኪም ፍለጋ በሚያስተዳድሩት ኤርፖርት በኩል መጓዝን ለጠላቴም አልመኝም፣ ለእርስዎማ እንዴት ብዬ።

ስሜ ኤርካሎ ኤልሳዕ ይባላል። በወላይታ ሶዶ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ኦዲተር ሆኜ አርጅቼ በጡረታ ተገልያለሁ። ሌላው ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ለጨዋታ ማድመቂያ ሲጠቅሰው፣ እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ ስጠረጥር ኖሬ አሁን በነፃ እጠረጥራለሁ። የኤርፖርቱን ስም ለክብርዎ ስል አልጽፍም። ቅሬታ የሚለውን ቃል ለመጠቀምም ስለማልደፍር፣ ያለኝን ሁሉ በምስጋና መልክ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

ወደ ምስጋናው ከመግባቴ በፊት ለምን ወደ ደጅዎ እንደመጣን ልንገርዎ። ልጃችን ብሩክታይት በጅጅጋ ነርስ ናት፤ ባሏ ይልቃልም እዚያው ያስተምራል። አምና የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ባለቤቴ ሰገነት በአውቶቡስ ተነሥታ፣ መንገድ ላይ እያደረች ስትደርስ ሕፃኑ ተቀብሮ፣ ልጃችን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር ያገኘቻት። በእኛ ቤት ወግ ሴት ልጅ ስትወልድ እናቷ ያገሯን ቅቤ ይዛ ሄዳ፣ በገዛ እጇ አናቷን ትቀባታለች። ያን ጊዜ የተወሰደው ቅቤ ሳይከፈት ተመለሰ። ዘንድሮ ብሩክታይት ዳግመኛ ስታረግዝ በስልክ የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እማ ቀድማ ትድረስ፣ ራሴን ከእሷ በቀር ማንም አይነካኝም» አለች። ሰገነት በአውሮፕላን እንድትሄድ የወሰንነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ደመና ለማየት ጓጉታ አይደለም።

፩ኛ ምስጋናዬ ስለ ቲኬቱ ነው። ቲኬት የሚሸጠው ሌላ፣ ኤርፖርቱ ሌላ መሆኑን የበር ጥበቃዎ አስረድተውኛል። በሥራ ዘመኔ ግን ሁለት መሥሪያ ቤቶች «አንተዋወቅም» ካሉኝ ዘመዳማቾች ሆነው ነው ያገኘኋቸው፤ ስለዚህ ይህንንም ለእርስዎ መጻፉ አይከፋም ብያለሁ። ርካሽ ቲኬት የሚገኘው ቀደም ብሎ ለፈለገ ነው ስለተባልን ቀደም ብለን ፈለግን። በስልኬ ያየሁትን ዋጋ ለሰገነት ላሳያት ዞር ስል ጨምሮ ጠበቀኝ። ስልኩ ጭንቀቴን አውቆብኛል ብዬ ጠረጠርኩ። ስለዚህ በማግስቱ እንዳይነቃብኝ መጀመሪያ የጎንደርን፣ ቀጥዬ የጋምቤላን ዋጋ እንደ ዋዛ ጠየቅሁና፣ በመጨረሻ ወደ ጅጅጋ ድንገት ዞርኩበት። ነቅቶ ነበር፣ ዋጋው አሁንም ጨመረ።

እሁድ ከሰዓት የቤት ለቤት ጸሎት ኅብረታችን እኛ ጋ ሲሰበሰብ ነገሩን በጸሎት ርዕስነት አቀረብኩ። ብሩክታይትን ሁሉም በመዝሙር ክፍል ያሳደጓት ልጅ ናት። ሽማግሌያችን ወንድም አሮን ዋጋው እንዲወርድ እንባ ባቀረረ ዓይን ጸለዩ። አሜን እንዳልን የተሰበሰበው ሁሉ በፍቅር ተነሣሥቶ ስልኩን አወጣና፣ ያንኑ በረራ ለዚያው ቀን ይፈልግ ጀመር። ጸሎቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ዋጋውም ተከትሎት ወጣ። የመዘምራን ኃላፊያችን ክብረት ኋላ ላይ እንደገመተው፣ ማሽኑ የሶዶ ሕዝብ ጠቅልሎ ጅጅጋ ሊሰፍር ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም። በጠዋቱ ለሁለት ሰው ይበቃ የነበረው ገንዘባችን ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰው ብቻ በቃ። እኔ ቀረሁ፣ ሰገነት ብቻዋን ልትሄድ ሆነ። ሰው ለሰው ሲያስብ ዋጋ የሚጨምር ማሽን የሠራው ማን እንደሆነ ቢያውቁ፣ አድናቆቴን ያድርሱልኝ።

፪ኛ ምስጋናዬ ለሸኚዎች ስላዘጋጁት ማረፊያ ነው። ሸኚ ከበር አያልፍም የሚለውን ደንብ አከብራለሁ። ስለዚህ ከአዳራሹ የመስታወት ግድግዳ ውጭ ቆሜ ዋልኩ። መቀመጫ ባለመኖሩ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ጥላ ባለመኖሩም ፀሐይዋ የት እንደደረሰች ሰዓት ማየት አላስፈለገኝም። መስታወቱ ሳይጸዳ መቆየቱን እንኳ ለመንገደኞች ገመና በማሰብ ያደረጉት መሆኑን ተረድቻለሁ። እኔ ግን በመሐረቤ ፊቴ ያለውን አንድ ክፍል ወለወልኩ፣ ይቅርታ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው በዚያች በወለወልኳት መስኮት ያየሁትንና ሰገነት በስልክ የነገረችኝን ነው።

፫ኛ፣ ወደ ቅቤው ልምጣ። ቅቤውን ቦዲቲ ገበያ ከደንበኛችን ከእልፍነሽ ገዛሁት። ሙዝ የሚቀላቅሉ አሉ ሲባል ስለሰማሁ በቢላ ወግቼ፣ አሽትቼ፣ ጣቴ ላይ አሽቼ መረመርኩት። እልፍነሽ «ጋሼ፣ እኔን እንደ ሌባ!» ብላ ተቀየመችኝ። በዕድሜዬ ሙሉ መርምሬ ጉድለት ያላገኘሁበት ነገር ቢኖር ያ ቅቤ ብቻ ነው። በእንሰት ቅጠል ጠቅልለን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ አስቀመጥነው። ሰገነት በእጇ እንድትይዘው ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ የሻንጣ ክፍልዎን ዝና ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁና። ከሶዶ በማለዳው ብርድ ስንነሣ ቅቤው ድንጋይ ነበር። በመጀመሪያው በር ያለው ፈታሽዎ ክዳኑን ከፍቶ፣ ቅጠሉን ገልጦ፣ በጣቱ አንኳኩቶ አሳለፈው። ምርመራ ማለት እንዲህ ነው፤ ልጁን በሆዴ መረቅሁት።

ከዚያ የአውሮፕላኑ ሰዓት ደረሰ፣ አውሮፕላኑ ግን አልደረሰም። ለምን እንደቀረ የሚናገር ሰው አልነበረም። ድምፅ ማጉያው አንድ ጊዜ ተከፍቶ አሳለና ተዘጋ። አዳራሹ ያለበት ቆላ እንደመሆኑ ሙቀቱ ከዳቦ ቤት የማይተናነስ ሲሆን፣ ጣሪያው ላይ የተሰቀሉት ማራገቢያዎች አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም። ሰገነት ባልዲዋን እግሯ ሥር አድርጋ በጋዜጣ ታራግብለት ጀመር። አራሷ ጋ ሳትደርስ ቅቤ ስታሳርስ ዋለች።

እኩለ ቀን ላይ ይልቃል ደወለልኝ፤ ምጡ ጀምሯል። ከውጭ ሆኜ ለሰገነት ደውዬ ነገርኳት። በመስታወቱ ውስጥ ብድግ ብላ ወደ ማኮብኮቢያው ስታይ አየኋት፣ ምንም አልነበረም፣ መልሳ ተቀመጠች። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ተናድጃለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚሉት የእኔን ቲኬት ነው ብዬ ጮክ ብዬ ስለተናገርኩ፣ ጥበቃዎ በትሕትና ከመስታወቱ ራቅ እንድል ጠይቀውኛል።

፬ኛውን ምስጋና በስልክ ሳነብላት ሰገነት ነውር ነው ብላ አስወጥታኛለች። ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነበር።

፭ኛ፣ አመሻሽ ሊሆን ሲል አውሮፕላኑ መጣ፣ ሰዉም ወደ ሁለተኛው በር ተሰለፈ። በዚህ በር ያለው ፈታሽዎ ክዳኑን ሲከፍት ቅቤው ዘይት ሆኗል። ፈሳሽ ክልክል ነው ተባለች። ቅቤ ነው ብላ አስረዳች። «ቅቤ መሆኑን አውቃለሁ እናቴ፣ ግን ፈሳሽ ነው» አላት። ጠዋት በመጀመሪያው በር ጠጣር ሆኖ ማለፉን፣ ያቀለጠውም የእናንተው አዳራሽ መሆኑን ነገረችው። አለመዋሸቷን አምኖ፣ ደንብ ግን ደንብ ነው አላት። እስኪረጋ ጥላ ላይ አስቀምጡልኝ ብትልም፣ ቀኑን ሙሉ ያልቸኮለው አውሮፕላን አሁን ቸኩሏል። እዚህ ላይ የኦዲተር ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ አንድን ዕቃ በአንድ በር አሳልፎ፣ በሙቀት አብስሎ፣ በሌላ በር መውረስ በአጋጣሚ የሚሆን ነው ወይስ ያሰበበት ሰው አለ? ማራገቢያዎቹ የቆሙት ተበላሽተው ነው ወይስ ታዘው?

ቀጥሎ ያየሁትን ልጻፍ። በወለወልኳት መስኮት ሳይ ሰገነት ነጠላዋን ጣል፣ ሻሿን ከራሷ ግፍፍ አድርጋ፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። በአገራችን ሴት ሻሿን አውልቃ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ስታደርግ ምን መርዶ እንደሰማች እርስዎም ያውቃሉ። ብሩክታይት ሞተች አልኩ። ስልክ ከእኔ ቀድሞ ለእሷ ደርሷል አልኩ። መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩ፣ ጥበቃዎ ክንዴን ያዙኝ፣ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስጠረጥር የኖርኩት ሁሉ ለዚያች ደቂቃ መለማመጃ ነበር።

ሰገነት ዞር አለች። ፊቷ ላይ እንባ ሳይሆን ቅቤ እየወረደ ነበር። እንደገና እጇን ባልዲው ውስጥ ነክራ አናቷን ስትቀባ ነው የገባኝ። ፈሳሽ በዕቃ መያዝ ክልክል ከሆነ በራሷ ልትይዘው ነው! ፈታሾችዎ ተሰብስበው፣ አለቃቸውንም ጠርተው መከሩ፤ ግን ሴት ልጅ ፀጉሯን ተቀብታ እንዳትሳፈር የሚከለክል ደንብ ከየትም ሊያገኙ አልቻሉም። እርስዎ ቢኖሩ ኖሮ ያገኙ ነበር ብዬ እፈራለሁ፣ ባለመኖርዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላዋ ተሰልፋ የነበረች ሳሊሃ የምትባል የጅጅጋ ተጓዥ ከሻንጣዋ ሻርፕ አውጥታ፣ ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ራሷን ጥብቅ አድርጋ ጠመጠመችላት። እንዲህ ሆና ተሳፈረች። ከግማሽ የበለጠ ቅቤ የያዘው ባልዲ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

አዲስ አበባ ላይ የሚቀጥለው በረራ አምልጧት ስለነበር ሰገነት ጅጅጋ የደረሰችው በማግስቱ ነው። ያደረችበትን ወንበርና የተደረገላትን መስተንግዶ የሚመለከተው ሌላ ሥራ አስኪያጅ ስለሆነ ለእሳቸው ለብቻ እጽፋለሁ። ስትደርስ ልጃችን ወልዳ ነበር። ወንድ ነው፣ በሕይወት አለ፣ አባቱ እንደሚለው ጩኸቱ ከሰፈር ያስወጣል። ብሩክታይት ግን አሁንም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ማንም እንዳይነካኝ ብላ እናቷን ስትጠብቅ ነበር። ሰገነት ሻርፑን ፈታች፤ ቅቤውን ከገዛ ራሷ በመዳፏ እየጠረገች የልጇን አናት ቀባቻት። ልጃችን ዞር ብላ እናቷን አቀፈቻትና «እማ፣ ቦዲቲ ቦዲቲ ትሸቻለሽ» ብላ አለቀሰች። እኔም ይህን በስልክ ስሰማ አልቅሻለሁ፣ ለመደበቅ ምክንያት የለኝም።

እንግዲህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ገንዘብ ይመለስልኝ አልልም፣ ካሳም አልጠይቅም። ማራገቢያዎቹ እንዲዞሩ፣ ሰዓት ያለፈበት አውሮፕላን ለምን እንዳለፈበት አንድ ሰው ወጥቶ እንዲናገር፣ ሁለቱ በሮችዎም እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ብቻ እለምናለሁ። ባልዲያችንም ሰማያዊ፣ እጀታው በሲባጎ የታሰረ ነው።

መንገድዎ ሁሉ የቀና፣ አዳራሽዎ የቀዘቀዘ፣ ቲኬትዎ ሁልጊዜ በነፃ፣ የሚሸኝዎት ሰው ሁሉ ጥላ የሚያገኝ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ እጅ የምነሣዎ፣

አክባሪዎና ተጠራጣሪዎ
ኤርካሎ ኤልሳዕ
ወላይታ ሶዶ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ እስክረጋጋ ከአጥሩ ጥግ ባለችው የሠራተኞች ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። በአጠገቤ ካለው ጠረጴዛ የቀረበውን የእንቁላል ፍርፍር ሽታ ያወቅሁት መሰለኝ፤ አንድ አዘዝኩና በላሁ። ሙዝ የለበትም። ቅቤው ለአራስ ተብሎ የተገዛ ስለሆነ፣ የበላው ሠራተኛ ሁሉ በእኛ ወግ አራስ ነው፤ እንኳን ፈጣሪ በሰላም ገላገላችሁ በሉልኝ። ሰገነት ከጅጅጋ ስትመለስ የጸሎት ኅብረታችንን በሙሉ አስከትለን፣ ገንፎ ይዘን አራሶቹን ልንጠይቅ እንመጣለን። ገንፎው ወፍራም ነው፣ በሁለቱም በር ያልፋል።