መርዶ ከፈተና በፊት

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ሱቄ ያለበት ሰፈር፣ ጀፕ፣ በርዷል። ብርድ ልብሶቹን ወደ ፊት አወጣሁ፣ ጃንጥላዎቹን ወደ ኋላ። ልጄ ሶስና ደወለች። ዓርብ የመጨረሻ ፈተናዋ ነው። ማስተርሷን የምትማርበት በርሳሪ፣ የትምህርት ክፍያዋን የሚሸፍነው ድጎማ፣ በዚህ ፈተና ላይ ቆሟል፤ አማካይ ውጤቷ ዝቅ ካለ ይቋረጣል። ከሱቁ የሚከፈል አይደለም፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ምግብ ላምጣልሽ አልኩ። አይሆንም፣ ወሬሽ ያዘናጋኛል አለች። ሳቅን።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ከሆሳዕና ተደወለ። እህቴ አስቴር አርፋለች። በእንቅልፏ። እጽፈዋለሁ እንጂ ገና አልገባኝም። ወደዚህ አገር ስመጣ ሶስናን እሷ ዘንድ ነው ትቼ የመጣሁት። ያሳደገቻት እሷ ናት። እኔን እማዬ፣ አስቴርን እናቴ ትላለች። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ብሎኝም ያውቃል።

ከሰዓት

የቤ/ክ ሰዎች መጡ። ሽማግሌያችን ጋሽ ታደለ ነገሩን ወስኖ ነው የመጣው። ሶስና ዓርብ ተፈትና እስክትጨርስ አትሰማም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዶርሟ ድረስ ሄደን እናረዳታለን። የአስቴር ፎቶ ኢንተርኔት ላይ እንዳይለጠፍ ለሁሉም ተነገረ። እሺ አልኩ።

ረቡዕ

ሶስና ደወለች። ለእናቴ የላክሁት ሹራብ ደረሰ ወይ? አለች። ደርሷል አልኩ። ልክክ ብሎላታል አልኩ። ያን ሁለተኛውን ማን ጠየቀኝ።

ማስታወሻዬ፣ ይህን ለአንተም ነግሬህ አላውቅም። አባቷ ቶኮዛ በሚባለው ሰፈር፣ ሱቁ ውስጥ ልቡ ቆሞ ሲሞት እሷ ከአስቴር ዘንድ ወደዚህ መጥታ ፕሪቶሪያ አዳሪ ት/ቤት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበረች። ያኔም ደበቅናት። አባዬን አገናኚኝ ስትለኝ ተኝቷል አልኳት። አስከሬኑ አውሮፕላን ላይ ነበር። ጥሩ ውጤት አመጣች። የውጤቱን ወረቀት ግን አላሳየችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሐሙስ፣ ረፋድ

አንዱ የአስቴርን ፎቶ ለጥፎ ነበር። አስነሳነው። ሶስና አይታው እንደሆነ አላውቅም።

አብራኝ የምትሸጠው ኖምሳ ፊቴን አይታ ነገሩን አወጣጣችኝ። ግራ ገባት። ማማ፣ ሰው ለሞተበት ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ፈተናውን ያዘገይለታል እኮ፣ በርሳሪውም አይነካም፣ ለአክስቴ ልጅ ተደርጎላታል አለች። ግን ሳትፈተን ነው መናገር ያለባት። ከተፈተነች አለቀ።

አላመንኳትም። ደንቡን ስልኬ ላይ ፈለግሁ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም፤ ከአሮጌ ጋዜጣና ከመዝገበ ቃላት ነው የለቀምሁት፣ ቀስ እያልሁ ነው የማነበው። ደጋግሜ አነበብሁት። እውነቷን ነው። እኛ ደግሞ የደበቅናት እንድትፈተን ነው።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት

ለጋሽ ታደለ ደወልሁ። ያለ ሽማግሌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን መርዶ ስትነግር የት አገር አየሽ አለኝ። አንድ ቀን ታገሺ። ብትወድቅ በአንቺ ነው።

ይቅርታ ጋሼ አልኩና ዘጋሁ። ልክ ሊሆን ይችላል። ሳታውቅ ብትቀመጥ ታልፍ ይሆናል። ያኔም አልፋለች።

ሱቁን ለኖምሳ ተውሁ። ዶርሟ ያለበት ብራምፎንቴን በእግር ይደረሳል። ልፈተን ካለች ነገ ውጭ እጠብቃታለሁ። ይዘግይልኝ ካለች ቢሮው አብሬያት እገባለሁ። እሷ ትወስን። አሁን ነው የምሄደው። በሩን ስትከፍትልኝ ምን ብዬ…