ያልተከፈተው ቆርቆሮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ቃሊቲ ጋሽ ሰይድ ቤት ሄድኩ። ታሪኩን የምጽፍለት የውጭ ድምፅ አልባ ፊልም ኩባንያ ወሎ መጥቶ ሲቀርጽ ካሜራውን በበቅሎ የጫኑለት አባታቸው ናቸው። ኩባንያው ሲፈርስ አንድ ጥቅል ፊልም በቆርቆሮ ሰጥቷቸዋል። አባትየው ፎቶ ተነስተው አያውቁም፤ መልካቸው ያለው እዚያ ፊልም ላይ ብቻ ነው። ጋሽ ሰይድ ብርሃን እንዳያበላሸው ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይከፍቱት ኖረዋል።

ዛሬ ፈቅደውልኝ ክዳኑን ስከፍተው ፊልሙ ቡናማ ዱቄት ሆኗል። ዓይናቸው ስለደከመ አላዩትም።

«አባቴ ይታያል?» አሉኝ።

«ፊልሙ በስብሷል፣ ጋሽ ሰይድ። ምንም አልተረፈም።»

ዱቄቱን በጣታቸው ዳሰሱት። «ልጄ፣ ቀደም ብዬ ባስከፍተው ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አሉኝ።

ይተርፍ ነበር፤ የዚያ ዘመን ፊልም ተዘግቶ ታፍኖ ሲኖር ነው የሚበሰብሰው።

«አይ፣ ያኔም አይተርፍም ነበር» አልኳቸው።