ደማችንን በማይክራፎን ላመሰገኑት ዶክተር

ጥቅምት 2000 ዓ.ም.
ሞያሌ፣ ኬንያ

ለተከበሩ የኦቲዝም የዘረመል ጥናት ቡድን መሪ
ባሉበት

ክቡር ዶክተር፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነባልደረቦችዎ፣ አቧራ ከማያስገባው መኪናዎም ጭምር እንደምን ሰነበቱ? በስደት መጥተን እዚሁ ሞያሌ፣ ሄሉ ሰፈር የቀረነው የእነ ዱባለ ቤተሰቦች፣ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ዝና ከመብዛቱ በቀር ደኅና ነን። ስለ ዝናውም ላመሰግንዎ ብዕር አንሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ታናሿ ልጄ ስለ ኮኪ። ሰው ሲነካት እንደምትጮኽ አስቀድሜ ነግሬዎ ነበር፤ ለአራት ይዛችሁ ደሟን ስትቀዱ ግን ጩኸቷን እንደ አዲስ ግኝት መዘገባችሁት። እኔ የጠየቅሁት እንዴት እንደምትተኛና የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚቀበላት ነበር። እርስዎ በትልቁ የሚያስቡ ሰው ነዎትና የልጅቷን እንቅልፍ ትተው ቅድመ አያቶቿን ጠየቁኝ።

ሁለተኛ፣ ደሙን በቀዳችሁ ማግስት የአካባቢው ሹም ቺፉ ሕዝቡን ለስብሰባ በጠሩበት ባራዛ ላይ ተነሥተው፣ ይህ ነገር በደም የሚወረስ መሆኑን በአስተርጓሚ ካስረዱ በኋላ፣ ትሕትናዎ አላስችል ብሎዎ «ደማቸውን ለሰጡን ለአቶ ዱባለና ለወይዘሮ ዘርፌ ቤተሰብ» ብለው አስጨበጨቡልን። አገሩን ስለማያውቁት ይሆናል እንጂ፣ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ለትልቋ ልጄ ለማኅደር የተላኩ ነበሩ። ሰባት ቤት ቆጥረው፣ ዝምድና እንደሌለን አረጋግጠው፣ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ አንዲት እሑድ ብቻ ቀርታቸው ነበር። እነሱም አብረው አጨበጨቡ፤ እሑድ ግን አልመጡም። የጠያቂው ልጅ አባት አቶ ወንዱ «እኛ የቆጠርነው ዘመድ እንዳንሆን ነበር፤ የቀረውን ዶክተሩ ቆጠሩልን» ብለው ላኩብን።

ሦስተኛ፣ ቀድሞ ጎረቤቶቻችን ኮኪን «ቡዳ በልቷት ነው» ይሉ ነበር። ነገሩ ቢያበሳጨንም ቡዳው ሌላ ሰው ነበር፤ ጠበልም ነበረው። ለእርስዎ ምስጋና ይግባና አሁን ቡዳው እኛው ሆነናል። የባለቤቴ የዱባለ እህትማ ነገሩ በእኔ በኩል እንደመጣ ያለ አንዳች መርፌ አረጋግጣለች።

አራተኛውን ቁጥር ባልሰጠው እወድ ነበር። ኮኪ ሳትጮኽ ጠጉሯን የምታስነካው ለማኅደር ብቻ ነበር። ማኅደር ከዚያች እሑድ ወዲህ እህቷ ወዳለችበት ክፍል አትገባም፤ የኮኪ ጠጉር ሳይሠራ ይኸው ተንጨፍርሯል። አንጀቴ አርሯል፣ ዶክተር። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆቼን ያለያየልኝ ሳይንስ ነው ብዬ ልኮራ እንዴ?

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። መኪናዎ አጠገብ ቆመው ለእኔ ለብቻዬ «ምክንያቱን ገና በውል አናውቀውም፤ የማንም ጥፋት አይደለም» ያሉኝን፣ በዚያው ባራዛ፣ በዚያው ማይክራፎን፣ አቶ ወንዱ ከፊት ተቀምጠው ሳለ ይድገሙልኝ። ጭብጨባውን እኔ አዘጋጃለሁ።

ለእርስዎ ደም፣ ለሰፈሩ ወሬ፣ ለአቶ ወንዱም ሰበብ ሳትሰስት የሰጠች፣
አክባሪዎ፣ የማኅደርና የኮኪ እናት
ዘርፌ

ግርጌ፦ ባለፈው ሳምንት ረዳትዎ ፒተር መጥቶ፣ የወሰዳችሁት ደም ማርሳቢት መንገድ ላይ በረዶው ቀልጦበት ተበላሽቶ፣ ናይሮቢ ሳይደርስ እንደተደፋ ነግሮን፣ እንደገና እንድንሰጥ በትሕትና ጠይቆናል። ለመሆኑ፣ ክቡር ዶክተር፣ ያን ዕለት ሕዝብ ፊት የቆሙት የማንን ደም አይተው ነበር?