የጎፈሬው ግራ ጎን

ጥር 4
ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ዛሬ ወንድሜ ፀጉር ቤት ወደ ሥራ ተመለስኩ። መስታወት ወለወልኩ፣ መቀስ ዘይት ቀባሁ። ወንድሜ ደንበኛ አይልክልኝም። አይፈረድበትም... አንድ ራስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ የኔ ሆድ አስራ አምስት ደቂቃ አይታገስም። ከትንሹ አንጀቴ ከሦስት ሁለት እጁ ተቆርጦ ወጥቷል። "የቀረው የሄደውን ሥራ ይለምዳል፣ ጊዜ ስጠው" አለኝ ሐኪሙ። ስንት ጊዜ? "ዓመትም፣ ሁለትም።" ወንድሜ ግን ወንበሬን የሚጠብቅልኝ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነው።

ጥር 9
የድሮ ደንበኛዬ ጎፈሬው መጣ። ያለኔ አይቆረጥም። ቀኙን ጨረስኩ... ቶንዶሱን ጥዬ ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ። ተመለስኩ፣ ደግሞ ሮጥኩ። ወንድሜ ግራውን ሊጀምር ሲል ጎፈሬው "ተወኝ! ነገ እሱ ይጨርሰዋል" ብሎ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ግማሽ ራሱን! ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጥር 10
ግራውን ጨረስኩለት፣ በሦስት ዙር።
ከሰዓት የምግብ ባለሙያዋ ጋ ሄድኩ። "በቀን ስንት ውሃ ትጠጣለህ?" አራት ሊትር አልኩ፣ በኩራት። ራሷን ያዘች። ባዶ ውሃው ጨዌን ይዞ ይወጣል አለች፤ በጠጣሁ ቁጥር ይብስብኛል፣ ጥሙም አይቆርጥም። ጨውና ስኳር ያለውን ዱቄት በውሃ በጥብጬ ቀስ እያልኩ ልጎንጭ። ምግብ በቀን ስድስቴ፣ ትንሽ ትንሽ። ለካ በገዛ እጄ ነው!

ጥር 26
እናቴ አኮረፈች። "ውሃ የሚከለክል ሐኪም አይቼም ሰምቼም አላውቅ!" ውሃ የሞላችልኝን ብርጭቆ መለስኩላት። ሳልሮጥ አስራ ስምንት ደቂቃ።

የካቲት 14
ሃያ አንድ።

መጋቢት 2
ምን አባቴ አቀበጠኝ? ባለሙያዋ የከለከለችኝን ጭማቂ ጠጣሁ። ስድስቴ ሮጥኩ። ወንድሜ የጣልኩትን ቶንዶስ አንስቶ ቦታው መለሰው። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።
አንጀቴ እልኸኛ ከሆነ እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ። ነገ እንደገና።

መጋቢት 20
ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ሐኪሙ "እየለመደ ነው" አለ። እናቴ ዱቄቱን ራሷ መበጥበጥ ጀምራለች... እንዳላየ ሆንኩ።

ሚያዝያ 21
ጎፈሬው መጣ። "ዛሬስ ኮፍያዬን ልያዝ?"
"ተወው" አልኩት።
ቀኙ። ኋላው። ግራ ጆሮው ጋ ስደርስ ሆዴ አጉረመረመ። ወንድሜ ብድግ አለ። ቆምኩ፣ ተነፈስኩ... አለፈ። ሠላሳ ሁለት ደቂቃ! አንገቱን በብሩሽ ጠረግሁለት፣ መስታወት ከኋላ ያዝኩለት። "ግራው ከቀኙ ያምራል" አለ።
በሩ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተራ ይጠብቃል።
"ግባ ጌታዬ" አለው ወንድሜ፣ ወደኔ ወንበር እያሳየው።